በባቡር ሐዲድ ላይ ስለሚወጣው ስንጥቅና ጥልቀቱ በኤሌክትሪክ ስለሚለካበት ብልሃት

ባቡር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚመለከተው ሠረገላውንና ሠረገላውን የሚስበውን መኪና ነው። ከታች የተዘረጋውን ሐዲድ አተኵሮ የሚያይ መንገደኛ ጥቂት ነው፤ ብረት ስለ ሆነም የሚደክም አይመስለውም። ነገር ግን የመንገደኛው ሕይወት የሚያርፈው መንኰራኵሩ ሐዲዱን በሚነካበት ስፍራ ላይ ሲሆን፥ የዚያ ስፍራ ስፋት ከአንዲት ትንሽ ሳንቲም እምብዛም አይበልጥም። በዚያች በሳንቲም ስፋት ላይ እስከ 10 ቶን ያህል ክብደት ያርፍባትና ወዲያው ያልፋል፤ ሌላው መንኰራኵር ይከተላል፤ ብዙ ባቡር በሚመላለስበት መንገድም ይህ በቀን በሺህ፥ በዓመት በሚሊዮን የሚቈጠር ጊዜ ይደጋገማል። ብረት ነፍስ የሌለው ነገር ቢሆንም ሸክም ሲደጋገምበት እንደሚደክም የመሐንዲሶች ትምህርት ካረጋገጠው ከመቶ ዓመት በላይ ሁኖታል፤ የድካሙም ምልክት ስንጥቅ ነው።

ይህ ስንጥቅ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ ለመረዳት በእንግሊዝ አገር የሆነውን መመልከት ይበቃል። ጥቅምት 7 ቀን 1993 ዓመተ ምሕረት፥ ይኸውም በአውሮጳ አቈጣጠር በ2000 ዓመት፥ ማክሰኞ ቀን ቀትር ጥቂት እንዳለፈ፥ አንድ ፈጣን ባቡር ከለንደን ከኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ሊድስ ከተማ ይጓዝ ነበር። ሐትፊልድ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ሲደርስ መንገዱ ኩርባ አለው፤ የባቡሩም ፍጥነት በሰዓት 185 ኪሎሜትር ያህል ነበር። በዚያ ኩርባ ላይ በውጭ በኩል ያለው ሐዲድ ከመንኰራኵሩ ሥር ተሰበረ። አሰባበሩም እንደ እንጨት አንድና ሁለት ቦታ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ብርጭቆ ረግፎ ከ300 የሚበልጥ ቁራጭ ሆነ። መኪናውና ሁለቱ የፊት ሠረገላዎች በሐዲዱ ላይ ሲቀሩ የተከተሉት ከመንገዳቸው ወጡ። የምግብ ቤቱ ሠረገላ በጎኑ ወድቆ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሚሸከመው ምሰሶ ጋር ስለ ተጋጨ ጣራው ተገነጠለ፤ በእርሱም ውስጥ የነበሩ አራት ሰዎች ሞቱ። ከ70 የሚበልጡም ቈሰሉ።

አደጋው ከደረሰ በኋላ የተገለጠው ነገር ከአደጋው ይልቅ የሚያሳዝን ነበር። የሐዲዱ ፊት በስንጥቅ መሞላቱ ከወራት አስቀድሞ ታውቆ፥ ሐዲዱም ይለወጥ ተብሎ ተወስኖ ኖሮአል። ምትክ የሚሆነው አዲስ ሐዲድ እንኳ መጥቶ ከመንገዱ ዳር ተጋድሞ ነበር፤ ነገር ግን አንሥቶ የሚተክለው ሳይገኝ ወራት አለፉ። አዲሱ ሐዲድ እስኪተከል ድረስ ባቡሮች በዚያ ስፍራ ቀስ ብለው እንዲያልፉ የሚያዝ ትእዛዝም አልወጣም።

የመንገዱ ባለቤት የነበረው ሬይልትራክ የተባለው ኩባንያ፥ በቀረው አገር እንደዚህ ያለ ሐዲድ ስንት እንዳለበትና የቱ ለስብራት እንደ ቀረበ ለይቶ ለመናገር አልቻለም። ስለዚህም ከ1,000 በሚበልጡ ስፍራዎች ባቡር በዝግታ እንዲሄድ አዘዘ። ሰዓቱ ሁሉ ተፋለሰ፤ መንገደኛውም ለብዙ ወራት ተንገላታ። ኩባንያው የካሳውና የጥገናው ወጪ ከሌላው ዕዳው ጋር ተደምሮበት በሚከተለው ዓመት ፍርድ ቤት በሾማቸው አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ በ2002 ዓመትም ሥራው ኔትወርክ ሬይል ለሚባል ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ተላለፈ። (ከዚህ በኋላ ያለ ወርና ያለ ቀን የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።) በ2005 ዓመት ፍርድ ቤት ጥገናውን በውል የያዘውን ባልፎር ቢቲ የተባለውን ኩባንያ 10 ሚሊዮን ፓውንድ፥ ኔትወርክ ሬይልን 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ፤ የመጀመሪያው ቅጣት በይግባኝ ወደ 7.5 ሚሊዮን ተቀነሰ። ሰው በመግደል የተከሰሱት የሥራ አለቆች ግን ነጻ ወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስንጥቁ ታይቶ ሳለ ስለ ምን እስኪሰበር ተጠበቀ? የሰዎቹን ቸልተኝነት መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርድ ቤቱም ወቅሶአል። ነገር ግን ምክንያቱ በዚያ ብቻ አያልቅም። ሐዲድ ጠባቂ በእግሩ እየሄደ በዐይኑ የሚያየው ስንጥቁ በብረቱ ፊት ላይ ምን ያህል እንደ ረዘመ ነው፤ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደ ጠለቀ ማየት አይቻለውም። ግማሽ ሚሊሜትር የጠለቀና 10 ሚሊሜትር የጠለቀ ስንጥቅ ከላይ ለሚያያቸው ወንድማማች ሊመስሉ ይችላሉ። አንዱ ተሞርዶ በአንድ ሌሊት የሚጠፋ ነው፤ ሁለተኛው የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ነው። ጠባቂውም «ስንጥቅ አለበት» ብሎ ሲጽፍ፥ ወረቀቱን የሚቀበለው ሹም ከመቶ እንዲህ ካሉ ወረቀቶች የትኛው መቅደም እንደሚገባው ሊለይ አይችልም። ቃል ብቻ ያለበት ወረቀት ተራውን ይጠብቃል፤ ቁጥር ያለበት ግን ተራውን ራሱ ይናገራል። በኤሌክትሪክና በማግኔት የሚደረገው ምርመራ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው፤ የማይታየውን ጥልቀት ቁጥር አድርጎ ከሹሙ ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል።

የስንጥቁን አወላለድ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚወጣው በሐዲዱ ራስ ላይ፥ ይልቁንም በኩርባ መንገድ በውጭ በኩል ባለው ሐዲድ ላይ፥ መንኰራኵሩን ከመንገዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ከንፈር በሚጠጋበት በውስጠኛው ማዕዘን ነው። መንኰራኵሩ በዚያ ሲያልፍ ይጫናል ብቻ አይባልም፤ ጥቂት እየተንሸራተተ የብረቱን ቆዳ ወደ አንድ ወገን ይጐትተዋል። አንዱ ጕተታ የሚያደርሰው ጕዳት በዐይን አይታይም፤ ሲደጋገም ግን የብረቱ ቆዳ ተለጥጦ ተለጥጦ መቻል ሲያቅተው ይሰነጠቃል። ስንጥቆቹም ብቻቸውን አይወጡም፤ በጥቂት ሚሊሜትር እየተራራቁ እንደ ዓሣ ቅርፊት ጐን ለጐን ይሰለፋሉ። ወደ ውስጥ ሲገቡም ቀጥ ብለው አይወርዱም፥ ከፊቱ በታች አዘንብለው ይጋደማሉ እንጂ። ዝናም ሲዘንብ ውሃ ይገባባቸዋል፤ መንኰራኵሩ አፋቸውን ሲዘጋው የታፈነው ውሃ መውጫ አጥቶ ጫፋቸውን እየገፋ ይከፍተዋል። ከብዙዎቹ አንዱ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ታች የዞረ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ሐዲዱ የሚሰበርበትን ቀን ይጠብቃል። በብርድ አገር ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ውርጭ የበረታበት ነው፤ ተበይዶ አንድ የሆነው ረዥም ሐዲድ በብርድ ሊኰማተር ሲፈልግ ስለሚወጠርና ስንጥቁን ከሁለት ወገን ስለሚስበው ነው።

የሚያስገርመው፥ ሐዲድ ቶሎ ያልቅ በነበረበት ዘመን ይህ ደዌ እምብዛም አያስፈራም ነበር። ለስላሳውን ብረት መንኰራኵሩ ራሱ በየዕለቱ እየፋቀው፥ ስንጥቁን ገና ሳያድግ ከነቆዳው ያስወግደው ነበርና። ጠንካራ ብረት ሲሠራ፥ ኩርባውም በዘይት እየተቀባ ሐዲዱ ብዙ ዘመን እንዲቆይ ሲደረግ፥ ስንጥቁም አብሮ የሚያድግበትን ጊዜ አገኘ።

ሐዲድን በኤሌክትሪክ መመርመር የተጀመረው ግን በፊት ላይ ስለሚወጣው ስንጥቅ አልነበረም፤ በብረቱ ሆድ ውስጥ ስለሚሰወረው ነበር። ነሐሴ 19 ቀን 1903 ዓመተ ምሕረት፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1911 ዓመት፥ በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት ማንችስተር በምትባል ስፍራ አንድ ባቡር በድልድይ ላይ ሲያልፍ ሐዲዱ ተሰብሮ ሠረገላዎች ከድልድዩ ወደቁ፤ 29 ሰዎችም ሞቱ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የዘመቱና በሮቸስተር ከተማ ከተደረገው የዘማቾች ጉባኤ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። የመንግሥቱ መሐንዲስ ጄምስ ሃዋርድ ስብራቱን ሲመረምር፥ ስንጥቁ በሐዲዱ ራስ ውስጥ ተወልዶ በውስጥ ያደገ፥ ከውጭ ለሚያየው ሰው ግን ምልክት የሌለው ሆኖ አገኘው። እንግዲህ ጠባቂው ምንም ትጉህ ቢሆን በዐይኑ ሊያገኘው የማይችለው ጠላት መኖሩ ታወቀ።

ለዚህ መሣሪያ ያበጀው ኤልመር ስፔሪ ነው፤ ይህ ሰው አስቀድሞ በመርከብ ላይ አቅጣጫ በሚያሳየው በጃይሮ ኮምፓስ ስሙ የታወቀ ነበር። መመርመሪያ ሠረገላው በ1928 ዓመት ሥራ ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሠረገላው እጅግ ብዙ የኤሌክትሪክ ጅረት ሐዲዱን በሚነኩ ብሩሾች በኩል ወደ ብረቱ ይሰደዳል። ጅረቱ በደኅናው ብረት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ግን ዞሮ ያልፋል፥ ዞሮ ሲያልፍም በሐዲዱ ዙሪያ ያለው የማግኔት ኃይል ይናወጣል። ከሐዲዱ ጥቂት ከፍ ብለው የተንጠለጠሉ የሽቦ ጥቅሎች ነውጡን ተቀብለው ብዕር በወረቀት ላይ እንዲጽፈው ያደርጋሉ፤ በዚያው ቅጽበትም በሐዲዱ ላይ ቀለም ይረጫል። ስፔሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ፤ ሥራው ግን ከእርሱ በኋላ ሰፋ። በ1930ዎቹ ዓመታትም የሆድ ውስጥ ስንጥቅ ዋና ምንጩ ከቀለጠው ብረት ጋር የሚቀረው ሃይድሮጅን የተባለው አየር መሆኑ ስለ ታወቀ፥ ሐዲዱ ከእሳት ሲወጣ በዝግታ እንዲበርድ ተደረገ፤ ያ ደዌ እጅግ ተቀነሰ።

በኋላ ዘመን በኤሌክትሪክ ፋንታ በድምፅ መመርመር በዛ። ነገሩ ገበያ ወርዳ እንስራ የምትገዛ ሴት ከምታደርገው የራቀ አይደለም፤ እንስራውን በጣቷ ታንኳኳለች፥ ጥርት ብሎ የጮኸ እንደ ሆነ ትወስደዋለች፥ ድምፁ የታፈነ እንደ ሆነ ትተወዋለች። የሐዲድ መርማሪ የሚልከው ድምፅ ጆሮ የማይሰማው እጅግ ቀጭን ነው፤ ወደ ብረቱ ገብቶ ከግርጌው ሲመለስ ይቀበሉታል፥ በመንገዱ ስንጥቅ ያገኘ እንደ ሆነ ቀድሞ ይመለሳል። ለሆድ ውስጥ ስንጥቅ ይህን የሚያህል ብልሃት የለም። በፊት ላይ ለሚወጣው ግን ጕድለት አለበት። ድምፁ ከፊቱ ሲገባ ወዲያው ከሥሩ ያለውን ለይቶ አያሳይም፤ ከዚህም ይልቅ የከፋው፥ ከላይ የተጋደሙት ጥቃቅን ስንጥቆች እንደ ጣራ ሆነው ድምፁን ይመልሱትና ከበታቻቸው ወደ ታች የዞረውን ትልቁን ስንጥቅ ይጋርዱታል። ስለዚህ ደዌ የበዛበት ሐዲድ ለምርመራ የማይመች ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ጕድለት የሚሞላው ዕውቀት መሠረቱ የቈየ ነው። ማይክል ፋራዴይ የሚባለው እንግሊዛዊ የቀጥቃጭ ልጅ ነበረ፤ በልጅነቱ ለመጽሐፍ ደጓሽ ሥራ ገብቶ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ የፍጥረትን ምርመራ ተማረ። በ1831 ዓመትም የማግኔት ኃይል ሲለዋወጥ በአጠገቡ ባለው ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ አስታወቀ። በ1855 ዓመት ፈረንሳዊው ሌዎን ፉኮ በማግኔት መካከል የሚዞር የመዳብ ሰሌዳ ለማዞር እንደሚከብድና እንደሚሞቅ አሳየ። ምክንያቱም በመዳቡ ውስጥ እንደ ወንዝ አዙሪት የሚሽከረከር ጅረት ስለሚነሣ ነው፤ ፈረንሳዮች በስሙ የፉኮ ጅረት ሲሉት እንግሊዞች የአዙሪት ጅረት ይሉታል። በ1879 ዓመት ደግሞ ዴቪድ ሂዩዝ በሽቦ ጥቅሎች ሚዛን ሠርቶ፥ ሁለት ሳንቲሞች አንድ መስለው ሳለ ብረታቸው የተለያየ እንደ ሆነ ጥቅሎቹ እንደሚለዩት ገለጠ። በኢትዮጵያ ገበያ ነጋዴው የማርትሬዛን ብር እውነተኛነት በድምፁና በምስሉ ላይ ባሉት ነጠብጣቦች ሲመረምር ኖሮአል፤ የሂዩዝ ሚዛን ግን ሳይነካው ያንኑ ያደርግ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍሪድሪሽ ፎርስተር በጀርመን አገር በሮይትሊንገን ከተማ ባቋቋመው የምርምር ቤት ይህን ዕውቀት ለፋብሪካ ሥራ የሚያገለግል መሣሪያ አደረገው፤ ወደ ባቡር ሐዲድም የገባው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን በሐዲድ ላይ የሚሠራበት እንዲህ ነው። ከጣት የማይበልጥ የሽቦ ጥቅል ከሐዲዱ ማዕዘን አንድ ሚሊሜትር ያህል ርቆ ይያዛል፤ በሽቦውም ውስጥ በሴኮንድ እስከ 100,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ጅረት ይለቀቅበታል። የጥቅሉ ማግኔት በሐዲዱ ቆዳ ውስጥ የአዙሪት ጅረት ያስነሣል፤ ያም ጅረት በተራው የራሱን ማግኔት አንሥቶ ጥቅሉን ይቃወመዋል። ብረቱ ደኅና በሆነበት ስፍራ ይህ ተቃውሞ አንድ ዐይነት ነው። ስንጥቅ ባለበት ግን ጅረቱ መንገዱ ስለሚረዝምበት ይደክማል፥ ተቃውሞውም ይለወጣል፤ ለውጡን ጥቅሉ ወዲያው ያውቀዋል። መሣሪያው ሐዲዱን መንካት አያስፈልገውም፤ በድምፅ እንደሚደረገው ምርመራም በመካከላቸው ውሃ መርጨት አያሻም።

ነገሩን ለሚያስተውል ሰው ግን አንድ እንቆቅልሽ አለበት። እንደዚህ ፈጥኖ የሚመላለስ ጅረት በሐዲድ ብረት ውስጥ ዘልቆ አይገባም፤ የሚጓዝበት የቆዳ ውፍረት የሚሊሜትርን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ታዲያ በቆዳ ብቻ የሚሄድ ጅረት ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር የጠለቀውን ስንጥቅ እንዴት ይለካዋል? ከጎጃም ወደ ሸዋ የሚሻገር መንገደኛ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ቆሞ ማዶውን ሲያየው ቅርብ ይመስለዋል። የሚደርሰው ግን ቁልቁለቱን ወርዶ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ አቀበቱን ወጥቶ ነው። በማዶ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ሸለቆውን ባያየው እንኳ፥ ከመንገደኛው መዘግየት የተነሣ ምን ያህል ገደል እንዳለ ሊገምት ይችላል። የኤሌክትሪኩም ጅረት እንደዚሁ ነው፤ ስንጥቁን መዝለል ስለማይችል በአንዱ ግድግዳ ወርዶ፥ ጫፉን ዞሮ፥ በሌላው ግድግዳ ይወጣል። የሚለካው መዘግየቱ ነው።

ይህ ምሳሌ የመሣሪያውንም ወሰን ያሳያል። የመንገደኛው መዘግየት የሚናገረው የቁልቁለቱን ርዝመት እንጂ ቀጥታ ወደ ታች ያለውን ጥልቀት አይደለም። የሐዲድ ስንጥቅ ደግሞ አዘንብሎ የሚገባ ስለ ሆነ፥ ጥልቀቱን ለማወቅ የሚያዘነብልበት ማዕዘን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። መሐንዲሶች ብዙ የተሰበሩና የተቈረጡ ሐዲዶችን መርምረው ለሂሳባቸው 25 ዲግሪ ያህል ይይዛሉ። በዚህ ሂሳብ 5 ሚሊሜትር የረዘመ ስንጥቅ ጥልቀቱ ከ2 ሚሊሜትር ጥቂት የሚያልፍ ይሆናል። አንዱ ስንጥቅ ከዚህ ማዕዘን ወጥቶ ወደ ታች የቀና እንደ ሆነ ግን ቁጥሩ ያታልላል፤ በጣም አደገኛውም የዚህ ዐይነቱ ነው። ደግሞም ጥልቀቱ 3 ሚሊሜትር ያህል ሲደርስ ምልክቱ ከዚያ በላይ እምብዛም ስለማይጨምር፥ በተለመደው አሠራር መሣሪያው «ጠልቆአል» ከማለት በቀር ልኩን አይናገርም። ስለዚህ የኤሌክትሪኩ ምርመራ የድምፁን ምርመራ አይሽረውም። አንዱ ቆዳውን፥ ሌላው ሆዱን ይመሰክራል፤ ሁለቱ ምስክሮች ሲጣሉም መርማሪው በእግሩ ወርዶ ማየት አለበት።

በጀርመን የባቡር መንገድ መመርመሪያ ባቡሮች ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድነት ተሸክመው ይሄዳሉ፤ በእንግሊዝ አገርም ከሐትፊልድ አደጋ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ይኸው ልማድ ገብቶአል። ሰው በእጁ የሚገፋው ትንሽ ጋሪም አለ፤ ፍጥነት ባይኖረውም ለአንድ ኩርባና ለአንድ ጣቢያ ይመቻል። ችግሩ ጥቅሉ ነገርን ሁሉ መስማቱ ነው። ሐዲዱ የተበየደበትን ስፍራ፥ የመሞረጃው ድንጋይ የጫረውን መስመር፥ ሌላው ቀርቶ ሠረገላው ጥቂት ተነቃንቆ ጥቅሉ ከሐዲዱ የራቀበትን ቅጽበት ሁሉ ምልክት አድርጎ ይጽፋል፤ ከዚህ ሁሉ መካከል እውነተኛውን ስንጥቅ መለየት የሠለጠነ ሰውና በደንብ የተሰናዳ የሂሳብ መኪና ይፈልጋል። ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ብልሃትም አለ፤ በ1980ዎቹ ዓመታት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተጀመረ ሲሆን፥ በባሕር ውስጥ የተተከሉትን የነዳጅ ዘይት ማውጫ ማማዎች ብየዳ ለመመርመር የታሰበ ነበር። እርሱም በቆዳው ላይ የሚሄደው ጅረት የሚያነሣውን ማግኔት እየለካ ጥልቀቱን ያሰላል፤ ዝገትና ቀለም ቢኖርም ስለማይከለክለው በኋላ ለሐዲድ ተበጀ።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ የሚደረገው ሥራ ግልጥ ነው። ስንጥቁ ገና ጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትር የጠለቀ እንደ ሆነ የሚሞርድ ባቡር በሌሊት ይላካል፤ በሥሩ ብዙ የሚሽከረከሩ ድንጋዮች ስላሉት ፍንጣሪ እየረጨ የሐዲዱን ቆዳ ገፎ ያልፋል። ከዚያ የጠለቀ እንደ ሆነ በጥርሳም መቍረጫ የሚጠርብ ሌላ መኪና አለ። ከዚያም ያለፈ እንደ ሆነ ሐዲዱ ይለወጣል፥ እስኪለወጥም ባቡሩ በዝግታ ይሄዳል። እዚህ ላይ ዐይን የሚታለልበትን አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባል። 2 ሚሊሜትር የጠለቀ ስንጥቅ ያለበት ሐዲድ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ቢሞረድ ፊቱ እንደ መስተዋት ያበራል፥ የስንጥቁም አፍ በተሞረደው ብረት ሊሸፈን ይችላል፤ ሥሩ ግን በቦታው አለ። እንደዚህ ያለውን ሐዲድ ያየ ጠባቂ ደኅና ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ከመሞረድ በፊት ስንት እንደሚገፈፍ ለማወቅ፥ ከተሞረደም በኋላ መንቀሉን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ መለካት የሥራው ሕግ መሆን ይገባዋል። ሁለተኛው ልክ ወጪ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ያለ እርሱ የመጀመሪያው ሥራ ምን እንደ ፈጸመ የሚያውቅ የለም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 ዓመት አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የባቡር መንገድ የሐዲዶቹ መራራቅ አንድ ሜትር ነበር። አዲሱ መንገድ 1,435 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፥ ከ750 ኪሎሜትር በላይ የሚረዝምና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን፥ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓመተ ምሕረት ተመርቆአል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርድ ስለ ሆነ ኩርባ አይታጣበትም፤ የሚሸከመውም ከሰው ይልቅ የወደብ ዕቃ ነው፥ ዕቃ የጫነ ሠረገላም ክብደት አለው። በደጋው ክፍል የክረምቱ ዝናም ስንጥቅ ባለበት ሁሉ ውሃ ያገባበታል። ስንጥቅ የሚወጣው ሐዲድ በተሸከመው ቶን ብዛት እንጂ በዕድሜው ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ልክ ሊወሰድ የሚገባው ሐዲዱ ገና አዲስ መስሎ በሚታይበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ልክ የሌለው መንገድ በኋላ 2 ሚሊሜትር የጠለቀ ስንጥቅ ቢገኝበት፥ ያ ስንጥቅ በአሥር ዓመት ያደገ ይሁን ወይም በአንድ ዓመት፥ የሚናገር ሰነድ የለውም።

መዝገቡም ብዙ ጥበብ አይፈልግም። የኪሎሜትሩ ቁጥር፥ ሐዲዱ የቀኝ ወይም የግራ መሆኑ፥ የተለካበት ቀን፥ ጥልቀቱ በሚሊሜትር፥ እስከዚያ ቀን ድረስ ያለፈው ቶን፤ እነዚህ በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራሉ። አንዱ ኩርባ በዘንድሮው ልክ አንድ ሚሊሜትር፥ በሚመጣው ዓመት አንድ ሚሊሜትር ተኩል የተጻፈበት እንደ ሆነ፥ የሚሞርደው ባቡር በስንተኛው ወር ወደዚያ መድረስ እንዳለበት በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። መለወጥ የሚያስፈልገው እንደ ሆነም፥ አዲሱ ሐዲድ በሚታዘዝበት በዚያው ደብዳቤ የሚተክሉት ሠራተኞች፥ መንገዱ የሚዘጋበት ሌሊትና እስከዚያ ሌሊት ድረስ ባቡሩ የሚሄድበት ፍጥነት አብረው ይጻፋሉ።